አጀንዳ ሦስት፦ ልዩ ልዩ

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ የትምህርት ቤታችን የተማሪዎች ፓርላማ ጸሐፊ ሆኜ ተመርጬ ነበር። ምርጫው የተካሄደው የክፍላችን ኃላፊ መምህር «የእጅ ጽሑፉ የሚነበብ ማነው?» ብለው ሲጠይቁና ሃምሳ ጣት ወደ እኔ ሲቀሰር ነው፤ ተቃዋሚ ነበረ ከተባለም እኔው ብቻ ነበርሁ። አፈ ጉባኤያችንም ለዚያ ሥልጣን የበቃው በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ «ተጠንቀቅ!» ሲል ድምፁ ያለ ማይክራፎን እስከ ጥበቃው ቤት ይሰማ ስለነበር ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 547 መቀመጫ ሲኖረው የእኛው ዘጠኝ ዴስክ ነበረው፤ በአንዱ ሦስት ሦስት ሆነን እየተገፋፋን ሕዝባችንን እንወክል ነበር።

ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን፣ በአንቀጽ 12 ላይ፣ ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሁሉ ሐሳቡን የመግለጽ መብት እንዳለውና ሐሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ክብደት ሊሰጠው እንደሚገባ ይደነግጋል። አስተባባሪ መምህራችን ይህን አንቀጽ በቃላቸው ይወጡት ነበር፤ በተለይ «ብስለት» የምትለዋን ቃል ይወዷታል። በእሳቸው አተረጓጐም የበሰለ ተማሪ ማለት የመጸዳጃ ቤት ነገር የማያነሣ ተማሪ ነው።

የዕድሜው ነገር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። የ1996ቱ ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ሲሆን፣ የአፍሪካ ወጣቶች ቻርተር እስከ 35 ድረስ ይታገሣል። እኔ በተገኘሁበት አንድ የወጣቶች መድረክ ላይ ግን ትዕግሥቱ ከቻርተሩም ይብስ ነበር። አስተናጋጇ «ጋሼ፣ የወጣቶች ተወካይ ወንበር ይኸውልዎት» ስትላቸው፣ ተወካያችን ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተቀመጡና መነጽራቸውን አውጥተው «እኛ ወጣቶች…» ብለው ማንበብ ጀመሩ።

ወደ ዘጠኙ ዴስክ ልመለስ። አጀንዳችን ዘወትር ሦስት ነበር፤ ማርፈድ፣ የፀጉር አቆራረጥ እና ልዩ ልዩ። አንድ ቀን «ልዩ ልዩ» ላይ ደርሰን መምህሩ ሰዓታቸውን ማየት ሲጀምሩ፣ አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተወካይ እጇን አወጣች። የሴቶች መጸዳጃ ቤት ውኃ የተቋረጠው ከኅዳር ጀምሮ መሆኑን፣ ውኃ ያለው ቧንቧ ከመምህራን ሻይ ክበብ ፊት ለፊት ያለው ብቻ መሆኑን ተናገረችና፣ እሱም ላይ ቁልፍ የተንጠለጠለበት ለምን እንደሆነ ጠየቀች። ክፍሉ ጸጥ አለ። አፈ ጉባኤው፣ ያ ሁሉ ድምፅ የነበረው ልጅ፣ ጣራ ጣራውን ያይ ጀመር። መምህሩ ግን ፈገግ ብለው «ግሩም ሐሳብ ነው፤ ያዘው» አሉኝ። ቃል በቃል ያዝሁት። በማግሥቱ ቢሮ ተጠርቼ በንጹሕ እንድገለብጠው የተሰጠኝ ረቂቅ ግን «ምክር ቤቱ በጥልቀት ከተወያየ በኋላ ተማሪዎች ውኃን በቁጠባ እንዲጠቀሙ በሙሉ ድምፅ ወስኗል» ይላል። በዚያ በሚነበብ ጽሑፌ ገለበጥሁት፤ ፈረምሁም።

በቀጣዩ ስብሰባ ልጅቷ እጇን አላወጣችም። ከእግሯ ሥር፣ ከደብተር ቦርሳዋ አጠገብ፣ ከቤቷ ሞልታ ያመጣችው የሁለት ሊትር ሃይላንድ ቆሞ ነበር። መምህሩም አዩትና «ቁጠባ ማለት ይህ ነው!» ብለው አስጨበጨቡላት።