እርማት፦ ትል ከስኳር በሽታ አያድንም
ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ወገኖች «ሆዱ ውስጥ ትል ያለበት ወጣት አይወፍርም፣ ስኳርም አይነካውም፤ የትል ክኒን ይቅርባችሁ» ስትባባሉ አየሁ። ወሬው ከሜዳ አልተነሳም። በኢንዶኔዢያ ፍሎሬስ ደሴት በተደረገ ጥናት፣ ትል የነበረባቸው ሰዎች አልቤንዳዞል የተባለውን የትል ክኒን ሲወስዱ ሰውነታቸው ለኢንሱሊን (የደም ስኳርን ለሚቀንሰው ሆርሞን) የሚሰጠው ምላሽ ትንሽ ቀንሶ ነበር። ትንሽ! ይህ ግን ትል መድኃኒት ነው ማለት አይደለም። ወፍራም ልጅም ትል ይኖርበታል፤ ኮሶ የያዘው ሁሉ አይከሳም (የጥሬ ሥጋ ወዳጆች ታውቁታላችሁ)። ክኒኑን መተው ግን ጉዳት አለው። መንጠቆ ትል አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጥጣል፤ ልጁ ደም ያንሰውና ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ሰገራ አስመርምሩ። ስኳሩን ደግሞ ጠዋት ምግብ ሳትቀምሱ ተለኩ፤ በሁለት የተለያዩ ቀናት 126 ሚሊግራም በዴሲሊትር ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ ስኳር ነው፣ ትል ኖረም አልኖረም።