ፎርማት ሺህ ዓመት ይንገሥ

ደሴ ላይ ሰው የማይከራከርበት ነገር ጥቂት ነው። ከሸዋ በር እስከ ቧንቧ ውሃ ሁሉም አንድ ቃል የሚሆንበት ጉዳይ ግን አለ፤ ኮምፒውተር ከታመመ መድኃኒቱ ፎርማት ነው፤ ዲስኩን ጠርጎ ዊንዶውስን እንደ አዲስ መጫን። ማውሱ እንቢ አለ? ፎርማት። ፕሪንተሩ ወረቀት ጎረሰ? ለማንኛውም ፎርማት ይደረግ። አፕዴቱ 30 በመቶ ላይ ተገትሮ ቀረ? ይሄማ ሽማግሌም አያስፈልገው፣ ፎርማት!

ይህን ታላቅ ጥበብ በወጉ የሚያመሰግን ሰው ስለጠፋ ብዕሬን አነሣሁ።

ውዳሴው ከጀግንነት ይጀምራል። ስክሪኑ ላይ «አፕዴት በመካሄድ ላይ ነው፣ ኮምፒውተርዎን አያጥፉ» የሚል ጽሑፍ ይወጣል። ፈሪ ሰው ይህን አንብቦ ቡና ያስፈላል። አሮጌ ሃርድ ዲስክ ያለው ኮምፒውተር አንዲት ቁጥር ላይ ሰዓት ቢቆም ብርቅ እንዳልሆነ፣ የዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም እስካለች ድረስ ሥራ ላይ መሆኑን እያሰበ አቦሉን ጠጥቶ ቶናውን ይጠብቃል። የእኛን ጀግና ግን ማሽን አያዘውም። «አያጥፉ» የሚለውን ሲያይ ደሙ ይፈላል። ማብሪያውን ተጭኖ ይይዛል፤ ዴስክቶፕ ከሆነ ደግሞ ገመዱን ከሶኬቱ ይነቅላል። ኮምፒውተሩ ተመልሶ ሲነሣ በትሕትና «ለውጦቹን ወደ ነበሩበት እየመለስኩ ነው» ይላል። ይህንንም ይነቅልበታል። በመጨረሻ ማሽኑ መነሣት ሲያቅተው ወደ ቤተሰቡ ዞሮ ያውጃል፦ «ብያችሁ ነበር፤ ቫይረስ ነው!»

ከዚያ ኮምፒውተሩ በጋቢ ተጠቅልሎ ፒያሳ ይሄዳል። ባለሙያው ሃያ ዓመት የሞላው አይመስልም፤ አንድ ጉንጩ ግን ሞልቷል። ስክሪኑን ሳያይ ምርመራውን ይጨርሳል።

«አብሽሩ ጋሼ፣ ፎርማት ነው የሚፈልገው።»

«አፕዴቱ እኮ ነው የቆመው፤ ሌላው ደህና ነበር።»

«እሱማ ምልክቱ ነው። ሲ ላይ የሚፈለግ ነገር አለ?»

ጋሼ ሲ፣ ማለትም ዊንዶውሱ የሚቀመጥበት የዲስኩ ክፍል፣ የትኛው እንደሆነ አያውቁም፤ አላውቅም ማለት ደግሞ በዚህ ዕድሜ ነውር ነው። «የለም» ይላሉ። የልጃቸው የሠርግ ፎቶ፣ የእድሩ ሒሳብ፣ ለቀበሌ የጻፉት አቤቱታ ሁሉ ዴስክቶፑ ላይ፣ ዴስክቶፑም ሲ ላይ እንደነበር የሚገባቸው ማታ ቤት ገብተው ሲከፍቱት ነው። እዚህም ላይ ፎርማት ሊመሰገን ይገባል። የእድሩ ሒሳብ ከጠፋ ማን መዋጮ እንዳልከፈለ አይታወቅም፤ ሰፈሩ በፍቅር ይኖራል።

የልጁን እጅ ማድነቅ ነው። ከኪሱ ፍላሽ አውጥቶ ማን ክራክ እንዳደረገው የማይታወቅ ዊንዶውስ ይጭናል። ክራኩ እንዲሠራ አንቲቫይረሱን ያጠፋል። «አፕዴት ፓኬጅ ይበላል» ይልና የአፕዴቱንም ሰርቪስ ጥርቅም አድርጎ ይዘጋዋል። ኮምፒውተሩ ይፈጥናል፤ ምን ያዘገየዋል፣ ውስጡ ምንም የለ! ጥቂት ወራት እንዳለፉ ፎቶ ኮፒ ቤት ደርሶ የመጣ ፍላሽ የሾርትከት ቫይረስ ይዞ ይገባል። የሚይዘው አንቲቫይረስ የለም፣ ቀዳዳውን የሚደፍን አፕዴት የለም፤ ተመልሶ ወደ ፒያሳ። ፎርማት ፎርማትን ይወልዳል፣ ልጁም ሱቁን ያሰፋል። ኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፤ እኛ ደግሞ ፎርማት አለን።

ፈረንጅ ይህን አፕዴት የሚባል ነገር ለምን እንደሚያከብረው አይገባኝም። በ2009 ዓ.ም. መጋቢት 5 ቀን ማይክሮሶፍት አንድ የዊንዶውስ ቀዳዳ የሚደፍን አፕዴት አወጣ። ግንቦት 4 ቀን ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ ያንን አፕዴት ወዳልጫኑ ማሽኖች በዚያው ቀዳዳ ገብቶ ፋይሎቻቸውን ቆለፈና «ክፈሉ» አለ። በ150 አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮች ተያዙ፤ የእንግሊዝ ሆስፒታሎች የሕሙማን ቀጠሮ ሰረዙ። ምን ያስደነግጣል? ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስን የሚፈራ ፋይል ያለው ሰው ነው። እኛ በየጊዜው ገንዘብ ከፍለን ራሳችን እናስጠፋዋለን።

ይህን ሥርዓት የሚያደፈርሱ ጥቂት ሰዎች በየሰፈሩ አሉ። በአመላቸው ታውቋቸዋላችሁ። መጀመሪያ ነገር ሲ ላይ ቦታ አለ ወይ ብለው ያያሉ፤ ትልልቆቹ የዊንዶውስ አፕዴቶች ብዙ ጊጋባይት ስለሚፈልጉ በተከታታይ ፊልም የታጨቀ ዲስክ ላይ ቢቆሙ አይገርማቸውም። ዋይፋዩ ሴቲንግ ውስጥ «ሚተርድ» የሚለው በርቶ እንደሆነም ያጣራሉ፤ እሱ ከበራ ዊንዶውስ ፓኬጅ ልቆጥብላችሁ ብሎ አብዛኛውን አፕዴት አያወርድም።

ከሁሉም የሚያናድዱኝ ቀን የሚያዩት ናቸው። ማዘርቦርዱ ላይ ሲአር2032 የምትባል ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ አለች፤ ኮምፒውተሩ ኃይል ባጣ ጊዜ ሰዓቱን የምታስቆጥረው እሷ ናት። እሷ ካለቀች መብራት በሄደ ቁጥር ኮምፒውተሩ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። ቀኑ ሲዛባ ደግሞ አፕዴቱን የሚልከው ሰርቨር ማንነቱን የሚያሳይበትን የምስክር ወረቀት ጊዜው ገና አልደረሰም ብሎ ይጠረጥርና አፕዴቱ አልገናኝ ይላል። እነዚህ ሰዎች ቀኑን አስተካክለው፣ ባትሪዋን ቀይረው ይገላገላሉ። እኛ ኮምፒውተሩ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቶ ሲነሣ «ጎሽ፣ ወደ ራሳችን አቆጣጠር ገባ!» ብለን እንኮራበታለን እንጂ ባትሪ ይነካል?

የባሰባቸውም አሉ። ሰርቪሶቹን ከፍተው «ዊንዶውስ አፕዴት» የሚለውንና ቢትስ የተባለውን አውራጅ ያቆማሉ፤ ሲ ውስጥ ዊንዶውስ፣ እሱ ውስጥ ሶፍትዌር ዲስትሪቢውሽን፣ እሱ ውስጥ ዳውንሎድ ወደሚለው ፎልደር ዘልቀው በግማሽ የወረደውን ሁሉ ይጠርጋሉ። ሰርቪሶቹን መልሰው አስነሥተው ሪስታርት ያደርጋሉ፤ አፕዴቱም ከዜሮ ይወርዳል። የስቶሩ አፕ ብቻ ከሆነ የቆመው፣ ኪቦርዱ ላይ ዊንዶውስና አር ተጭነው «ደብሊውኤስሪሴት» (wsreset) ብለው ይጽፋሉ። የሲስተሙ ፋይል ከተበላሸ ከዊንዶውስ ጋር የሚመጡትን መጠገኛዎች፣ ዲአይኤስኤምን (DISM) አስቀድመው፣ ኤስኤፍሲን (SFC) አስከትለው ያስሠራሉ። ቁንጫ ገባ ተብሎ ጎጆ አይቃጠልም ባዮች! ሠርጉ አልተሰረዘ፣ እድሩ አልተረሳ፣ ልጁ ብር አላገኘ። ይህ ለከተማ ዕድገት ምን ይረባል?

የኮምቦልቻውን ወንድማችንንም አስቡት። ሞኒተር ታቅፎ፣ ሲፒዩውን እግሩ ሥር አስቀምጦ፣ በሚኒባስ ወደ 25 ኪሎ ሜትር በሐረጎ ጠመዝማዛ እየተንገጫገጨ ደሴ ይወጣል። እዚህ ደርሶ «ቀኑ ተዛብቶ ነው» ቢሉት ይናደዳል እንጂ አይደሰትም። ለዚያ ሁሉ መንገድ የሚመጥን ሕክምና ይገባዋል።

ደግሞ ምሥራች አለ። ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ያ ጉንጨ ሙሉ ልጅ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ ብዙዎቹ አሮጌ ማሽኖች ደግሞ የላቸውም። እሱ ግን ያለ ቲፒኤም የሚያስገባ ፍላሽ አለው። እንዲህ በጓሮ የገባ ዊንዶውስ 11 አፕዴት የማግኘት መብት እንደማይኖረው ማይክሮሶፍት ራሱ ተናግሯል፤ ልጁ ይህንን የሚያወራው እንደ ማስታወቂያ ነው።

«ከነፎርማቱ ነው ዋጋው?» አሉት ጋሼ።

«ጋሼ ደግሞ! ፎርማቱማ ምርቃት ነው።»