ይቺን አይከን መቀየር ይህን ያህል ይከብዳል እንዴ?

ዛሬ ሆዴን ብሶኛል። ረዘም ያለ ጽሑፍ ነውና ታገሱኝ።

ደብረ ብርሃን ውስጥ አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ማመልከቻ፣ ይግባኝ፣ የኪራይ ውል፣ ሲቪ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ፣ የመጣውን ሁሉ እንሠራለን። አብረውኝ የሚሠሩት አጎቴ ናቸው። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ ራፖር ጻፊ ነበሩ፣ ያውም በታይፕራይተር። አቤቱታ ሲያረቁ ባለጉዳዩ ተናግሮ ሳይጨርስ ነገሩ ገብቷቸው ያድራል። ዓይናቸው ግን ደክሟል። ስክሪን ላይ ያለች ደቃቅ ጽሑፍ አትታያቸውም።

የፋይሎቻችንን ስም ደግሞ የዚህ ሥራ ሰው ያውቀዋል። «ማመልከቻ 1»፣ «ማመልከቻ 1 የታረመ»፣ «ማመልከቻ የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻው የመጨረሻ»። ሁሉም ያችኑ ሰማያዊ አይከን፣ ማለትም ስማቸው አጠገብ የምትታየውን ትንሽ ምልክት፣ ለብሰው ተደርድረዋል። ጋሼ መነጽራቸውን ወደ ላይ ወደ ታች እያሉ ሲፈልጉ ማየት አንጀቴን ይበላኛል።

ስለዚህ ሥዕል ላድርግላቸው አልኩ። ለክስና ለይግባኝ ሚዛን። ለኪራይ ውል ቁልፍ። ለመሬት ጉዳይ ጥማድ በሬ። ለተማሪዎች የምረቃ ቆብ።

ፎልደሩ ላይ እሺ ብሎኛል። ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ከስተማይዝ፣ ቼንጅ አይከን፣ አለቀ። ሥዕሉ ግን ከስልክ የወረደ ጄፔግ ከሆነ አይቀበልም። «አይሲኦ» በሚባለው በራሱ ዓይነት መሆን አለበት። ውስጡም የ16፣ የ32፣ የ48 እና የ256 ፒክስል መጠኖች አንድ ላይ ቢኖሩት ይመረጣል፤ አለበለዚያ ስታሳንሰው ሚዛኑም በሬውም አንድ ዓይነት ጭቃ ይሆናል። ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። የደብረ ብርሃንን ሌሊት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ጋቢ ደርቤ፣ ጣቴ ማውሱ ላይ እየደነዘዘ። ጠዋት ጋሼ ገብተው ሲያዩ ሚዛኗን በጣታቸው ስክሪኑ ላይ ነካ አደረጉና «ይቺስ የኔ ናት» አሉኝ። ድካሜ ሁሉ በአንዴ ለቀቀኝ።

መከራው የመጣው ወደ ፋይሎቹ ስንገባ ነው።

ዊንዶውስ ለአንድ ነጠላ ፋይል የራሱ አይከን እንድትሰጠው አይፈቅድም። አይከኑ የሚታሰረው ከፋይሉ ዓይነት፣ ማለትም ከስሙ ጫፍ ካለው ኤክስቴንሽን ጋር ነው። የመሬት ክርክሩም የኪራይ ውሉም የወርድ ፋይል እስከሆኑ ድረስ መልካቸው አንድ ነው። ማክ በሚባለው የአፕል ኮምፒውተር ላይ እኮ ከ1991 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የፈለግከውን ፋይል መርጠህ መረጃውን ትከፍትና ሥዕሉን ጥግ ላይ ያለችው አይከን ላይ ትለጥፋለህ። በቃ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆነው እኮ! ጎረቤት ያለውን ነገር እዚህ ማምጣት ምን ይከብዳል?

«ሾርትከት ሥራለት፣ የሾርትከት አይከን ይቀየራል» አሉኝ። እውነት ነው፣ ይቀየራል። አደረግሁት። ያቺ ምክር ናት ጉድ የሠራችኝ።

አንዲት እናት ከአንኮበር የውርስ መሬት አቤቱታ ሊያጽፉ መጡ። ጋሼ ግማሽ ቀን ተቀምጠው አሳምረው ጻፉላቸው። ልናትም ስንል መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ በባትሪ ስለነበር ጋሼ «ፍላሽ ላይ ጭኜልዎት እዚያው አንኮበር፣ ጎረቤላ ከተማ ያትሙት» አሏቸው። የበሬዋን ሥዕል አዩ፣ ኮፒ አደረጉ፣ ፍላሹ ላይ ለጠፉ። የተለጠፈው ግን ሾርትከቱ ነው። ሾርትከት ደግሞ ፋይሉ የት እንዳለ የሚያመለክት ምልክት እንጂ ፋይሉ አይደለም። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ምንም አይከፍትም።

በማግስቱ ጠዋት ደጃችን ቆመው አገኘኋቸው። ነጠላቸው አቧራ ለብሷል። «ልጄ፣ ባዶ ፍላሽ ነው አሉኝ እኮ» አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር። ጋሼ ከኪሳቸው የመሳፈሪያ አውጥተው ሰጧቸው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ምሳ ሰዓት ኮምፒውተሩን አልነኩም። ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ጥግ ላይ ተቀመጡ። የዚያ ቀን ዝምታቸው እስካሁን ያመኛል። ጥፋቱ እኮ የሳቸው አይደለም። ሥዕሉን አምነው ነው።

ታዲያ በዓይነትም ቢሆን ልለያቸው፣ ወርዱ አንድ መልክ፣ ስካኑ አንድ መልክ፣ ፒዲኤፉ አንድ መልክ ይኑረው አልኩ። ድሮ ይሄ ቀላል ነበር። በ2001 (እ.ኤ.አ.) በወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ፎልደር ኦፕሽንስ ውስጥ «ፋይል ታይፕስ» የሚል ክፍል ነበረ። ዓይነቱን ትመርጣለህ፣ አይከኑን ትቀይራለህ። ከሱ ቀጥሎ ከመጣው ዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ያንን አነሱት። አሁን የሚቀርህ ሬጅስትሪ ውስጥ ገብተህ «ዲፎልት አይከን» የሚለውን ቦታ ፈልገህ አድራሻውን በእጅህ መጻፍ ነው። ሬጅስትሪ ደግሞ የኮምፒውተሩ አንጀት ነው። አንድ ቦታ ብትሳሳት የሚበላሸው ሌላ ነው። ሱቅ ዘግቼ፣ ላብ እያሰመጠኝ ነው የሠራሁት። በዚህ ብርድ!

ተሳካልኝ። ሦስት ሳምንት ቆየ። ከዚያ አፕዴት መጣና ፒዲኤፎቹ በሙሉ የብሮውዘር አይከን ለብሰው አደሩ። መክፈቻ ፕሮግራሙ ሲቀየር አይከኑም አብሮ ይቀየራላ።

መብራት ድንገት ሲጠፋ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ኮምፒውተሩ አይከኖችን በየጊዜው እንዳይፈልግ አንድ ቦታ ያከማቻቸዋል። ያ ክምችት ከተበላሸ ሁሉም ነገር ነጭ ወረቀት ይሆናል። ሚዛን የለ፣ ቁልፍ የለ። የተደበቁትን የክምችት ፋይሎች አጥፍተህ እንደገና ማስነሳት አለብህ። ወረፋው ደጅ ድረስ ተሰልፎ፣ የአንዱ ቀጠሮ ሦስት ሰዓት ላይ ነው፣ እኔ የተደበቀ ፋይል አድናለሁ።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝን ልንገራችሁ። ተማሪዎች ይዘውት በሚመጡት ፍላሽ ላይ ቫይረስ የፎልደር አይከን ለብሶ ይመጣል። ስሙ «ፎቶ» ይላል፣ መልኩ ቢጫ ፎልደር ነው፣ ውስጡ ግን ፕሮግራም ነው። ኤክስቴንሽኑን ደግሞ ዊንዶውስ ራሱ ከመጀመሪያው ደብቆት ነው የሚመጣው፤ ገብተህ ካልገለጥከው አታየውም። ፎልደር መስሎት የነካው ሰው አለቀለት። እንግዲህ ፕሮግራም የሚሠራ ሁሉ ያሻውን መልክ ያለብሰዋል። ሌባው እንደፈለገ ይለብሳል። እኔ ግን በገዛ ኮምፒውተሬ፣ በገዛ እጃችን ለጻፍነው የአንዲት እናት አቤቱታ የበሬ ሥዕል ማልበስ አልችልም። ይሄ ምን የሚሉት ፍርድ ነው?

«አይከን እኮ ጌጥ ነው» የምትሉኝ አላችሁ። ለናንተ ጌጥ ይሆናል። በትንሹ ጽሑፍ ማንበብ ለከበደው ሰው፣ የእንግሊዝኛው ፊደል ለማይገባው ሰው፣ አይከን የበር ቁጥር ነው። የሰው የቤቱን ቁጥር ገንጥላችሁ በየሳምንቱ «ቤትህን ፈልግ» ትሉታላችሁ?

ለጊዜው ያደረግሁት ይሄ ነው። ሾርትከቶቹን በሙሉ አጥፍቻለሁ። ለእያንዳንዱ ባለጉዳይ አንድ ፎልደር እከፍትለታለሁ፣ ሥዕሉን ፎልደሩ ላይ አደርጋለሁ፣ ውስጡ አንድ ፋይል ብቻ። ጋሼ ፎልደሩን እንዳለ ኮፒ ያደርጋሉ። ፍላሹ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ሥዕሉ ይጠፋል፤ አይከኑ ያለው እኛ ጋ ነዋ። ጽሑፉ ግን አብሮ ይሄዳል። ሥራው እጥፍ ሆኖብኛል፣ ይሁን።

ከዚህ የተሻለ መላ ያለው ኮመንት ላይ ይጻፍልኝ። «ሌላ ኮምፒውተር ግዛ» ብቻ እንዳትሉኝ። ማታ ሱቅ ስዘጋ ሁሉንም አነባለሁ።