ከፊቴ ድፎ ዳቦ ነበር

የፋሲካ ማግስት ነው፣ ሰኞ። የከተማው ሰው 55 ቀን ጾሞ፣ ሌሊት በዶሮ ወጥ ፈስኮ፣ እሁድን ሙሉ ሲበላና ሲተኛ ውሎ፣ ሰኞ ጠዋት «ልጆቹን ትንሽ እናናፍሳቸው» የሚል ሐሳብ ይመጣለታል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ችግሩ ለሁሉም ሰው በአንድ ሰዓት መምጣቱ ነው። ለእኔማ በራሱም አልመጣም፤ በእህቴ በኩል ነው የመጣው።

«አንተ ምን ሥራ አለህ? ሚስት የለህ፣ ልጅ የለህ። ማሙሽንና ሚጢን ይዘህልኝ ሂድ» አለችኝ። እሷ ልትተኛ ነው። እኔም ቁርሴን እሷ ቤት በልቼ ስለነበር የምከራከርበት አፍ አልነበረኝም።

እስከ አያት በባቡር፣ ከአያት ወደ ጣፎ በታክሲ፣ ከጣፎ አለፍ ብሎ ደግሞ በእግር። የመጫወቻ ቦታውን ስም አልናገርም። ደግሜ መሄዴ ስለማይቀር በር ላይ እንዳይመልሱኝ ነው። ከሩቅ የሚታየው ያ የሚሽከረከረው ትልቅ ነገር ነው። ፈረንጆቹ ፌሪስ ዊል ይሉታል፣ ማሙሽ «ትልቁ ጎማ» ይለዋል። እኔ ከማሙሽ ጋር ነኝ።

የመግቢያውን ሰልፍና ካርድ የሚሞላበትን ሰልፍ እዘላቸዋለሁ። «ሲስተም የለም» ተብሎ የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ሲስተሙ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ካርዱ ተሞላ።

ዋናው ሰልፍ የጎማው ነው። ጎማው 12 ሳጥን አለው፣ በአንዱ ሳጥን ሁለት ሁለት ሰው። በአንድ ዙር 24 ሰው ማለት ነው። ማውረድና መጫኑን ጨምሮ አንዱ ዙር አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ከፊቴ ያለውን ሰው በጣቴ ቆጠርኩ፤ 72። ሦስት ዙር። «ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው» አልኳቸው ልጆቹን፣ ልክ እንደ ሒሳብ አስተማሪ ኮራ ብዬ። ለሕፃን ቁጥር አይነገርም። ሚጢ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ «ግማሽ ሰዓት ደረሰ?» ስትለኝ ዋለች።

ግማሽ ሰዓቱ ደረሰ። ጎማው ሦስት ጊዜ ሞላ፣ ሦስት ጊዜ አራገፈ። 72 ሰው ዓይኔ እያየ ተሳፍሮ ወርዷል። እንደገና ቆጠርኩ። ከፊቴ 58 ሰው አለ።

መጀመሪያ የተጠራጠርኩት ራሴን ነው፤ በዓል ስለሆነ ጠላም ቀምሼ ነበር። ቆይቶ ግን ገባኝ። ሰልፍ ከኋላ ይረዝማል ያለው ማነው? የእኛ ሰልፍ እርሾ እንደገባበት ሊጥ ከመሃሉ ነው የሚነፋው። አንድ ሰው ከፊትህ ይቆማል፣ ብቻውን፣ ምስኪን መስሎ፣ እንዲያውም ታዝንለታለህ። ሃያ ደቂቃ ቆይቶ ያ ሰው ሚስት ያወጣል። ከዚያ የሚስቱ እህት ትመጣለች። ከዚያ የእህትየው እጮኛ፣ እጮኛው በእጁ የያዛቸው ሦስት ልጆች፣ ከልጆቹ አንዱ «ጓደኛዬ ነው» ያለው የጎረቤት ልጅ። «ይቅርታ ወንድሜ፣ አብረን ነን» ይሉሃል። አብረው መሆናቸውንማ ማን ካደ?

ሰልፍ ላይ ሰው ምሁር ይሆናል። እኔም ስልኬን አውጥቼ ስለ ወረፋ ማንበብ ጀመርኩ። ለካ ነገሩ ራሱን የቻለ ሒሳብ አለው! ኤርላንግ የሚባል ዴንማርካዊ፣ ኮፐንሃገን ውስጥ የስልክ ኩባንያ ሠራተኛ ሆኖ፣ እ.ኤ.አ. በ1909 የስልክ ጥሪዎች እንዴት እንደሚመጡ በሒሳብ አሳየ፤ የወረፋ ሒሳብ የሚባለው ትምህርት የተነሳው ከዚያ ነው። ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው። ሰው የሚመጣበት ፍጥነት፣ ሰው ከሚስተናገድበት ፍጥነት ጋር እየተቀራረበ ሲሄድ ሰልፉ ልክ ያጣል። እውነት ነው። ግን ኤርላንግ ጣፎን አላየም። አንድ ደዋይ ስልኩን ይዞ እየጠበቀ ሳለ የአክስቱ ልጆች በዚያው መስመር ከመሃል ሲገቡበት አልገጠመውም።

ጎማውንም አነበብኩ። የመጀመሪያው ትልቁ ጎማ፣ ጆርጅ ፌሪስ የሚባል መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1893 ቺካጎ ለተካሄደው የዓለም ኤግዚቢሽን የሠራው ነው። 80 ሜትር ገደማ ቁመት፣ 36 ትልልቅ ሳጥን፣ በእያንዳንዱ ሳጥን 60 ሰው። ባንዴ 2,160 ሰው! ጎማው ዛሬ ቢኖርና ጣፎ ላይ ቢተከል እኔንም፣ ከፊቴ ያሉትን 58ቱንም፣ ገና ከቤታቸው ያልተነሱ ዘመዶቻቸውንም በአንድ ዙር ያነሳን ነበር። ይህን ለማሙሽ ነገርኩት። «እና ለምን እሱ ጋ አልሄድንም?» አለኝ።

አሁን ወደ ዳቦው ልምጣ።

ከፊቴ፣ ሰው መቆም በሚገባው ቦታ፣ አንድ ፌስታል መሬት ላይ ተቀምጧል። ትልቅ፣ አፉ የታሰረ። ሰልፉ አንድ እርምጃ በተጠጋ ቁጥር ከፌስታሉ ፊት ያለው ሰውዬ ዞር ብሎ አንስቶ ያስጠጋዋል። አንዴ ሲረሳው እኔ አስጠጋሁት። ከብዷል፣ ይሞቃል፣ የኮባ ቅጠል ይሸታል። ድፎ ዳቦ ነው።

«የማነው?» አልኩት ሰውየውን።

«የእትዬ ነው። መጣሁ ብለው ሄደዋል።»

ነገሩ አልገረመኝም። ያደግኩበት ሰፈር ውሃ በሌሊት ነበር የሚመጣው፤ ቦኖው ጋ ቢጫ ጀሪካን ተሰልፎ ሲያድር ባለቤቱ ቤቱ ይተኛል። ጀሪካን ያነሰው ደግሞ ድንጋይ ያሰልፋል። የማንን ድንጋይ ማን እንደሚያውቅ አይገባኝም ነበር፣ ግን ሁሉም የራሱን ያውቃል፣ የሰውንም አይነካም። ዳቦ ሲሰለፍ ሳይ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ሥነ ሥርዓቱን ልመስክርለት፤ ከሰልፈኛው ሁሉ ያልተጋፋኝ እሱ ብቻ ነው።

ሰልፉ በገዛ ራሱ መጫወቻ ነው፣ ያውም ካርድ አይሞላበትም። ለምሳሌ ሕፃኑ። ቢጫ ቆብ ያደረገ፣ ስድስት ወር ቢሆነው ነው። እናቱ አቅፋው መጣች፣ «ሕፃን የያዘች ትለፍ!» ተባለ፣ አለፈች። ደግ ሕዝብ ነን። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ሴት ሕፃን አቅፋ መጣች፣ ቢጫ ቆብ ያደረገ። አሳለፍናት። ሦስተኛው ጺሙ ደረቱ የደረሰ ጎረምሳ ነበር፣ ሕፃኑን እንደ ሐብሐብ በብብቱ ይዞታል። ትኬት ተቀባዩ ቆቡን ትክ ብሎ አየና «ኧረ ወገኖቼ፣ ይሄን ልጅ አዞራችሁት!» አለ። ሕፃኑ ብቻ ደስ ብሎታል፤ ከሁላችንም ይልቅ በካርዱ የተጠቀመው እሱ ነው።

ሚዛን የያዘው ልጅ ደግሞ ነበር፣ «ኪሎ ይለኩ፣ ኪሎ ይለኩ» እያለ። ከፋሲካ ማግስት የሚሻል የሥራ ቀን ከየት ይመጣል? አንዲት ወጣት ወጣች፣ አየች፣ «ከነጫማዬ እኮ ነው» ብላ ለማንም ሳይሆን ለአየሩ ነገረች። ጫማዋ ሸበጥ ነው። ከእሷ ቀጥሎ አንድ ወፈር ያሉ ጋሼ ስልካቸውን ለሚስታቸው ሰጡ፣ ቁልፋቸውን ሰጡ፣ ቦርሳቸውን ሰጡ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ሰጡና ወጡ። ቁጥሩን አጎንብሰው ሊያዩ ሞከሩ፤ መነጽሩ የለም፣ ሆዳቸውም አለ። ልጁ አነበበላቸው።

«ሚዛንህ ተበላሽቷል» አሉ።

«ጋሼ፣ እሱ እኮ ምንም አልበላም» አለ ልጁ።

ሰልፉ ባንድ ላይ ሳቀ። ጋሼም ሳቁ፣ ግን የከፈሉት ሚስታቸው ናቸው።

ከጎናችን የሚወዛወዘው ጀልባ አለ። ስለሱ ብዙ አልልም። ሙሉ ልብስ የለበሰ ጎረምሳ አብራው ለነበረችው ልጅ «ይሄማ ለኔ ምንም ነው» እያለ ሲሳፈር አይተነዋል፣ ሲወርድም አይተነዋል። 55 ቀን ሽሮ ብቻ የለመደ ሆድ ላይ ዶሮ ወጥ ከነዕንቁላሉ ጭኖ ጀልባ መሳፈር ድፍረት ነው። ልጅቷ ሶፍት ስታቀብለው ፊቷን ወደኛ አዙራ ነበር።

እኔ ወረፋዬ ሊደርስ አሥር ሰው ሲቀረው እትዬ መጡ። ጠና ያሉ ናቸው፣ ጥላ ይዘዋል፣ ነጠላቸውን አጣፍተዋል። ከኋላቸው ስድስት ሰው። እውነቱን ልናገር፣ ተዘጋጅቼ ነበር። በልቤ የተናገርኩት ንግግር ስለ ሥነ ሥርዓት፣ ስለ ሥልጣኔ፣ ስለ ኤርላንግም ሁሉ ነበረበት። አፌን ስከፍት እትዬ ፌስታሉን ፈቱት።

«የኔ ልጅ፣ አስጠጋህልኝ አይደል? እግዜር ይስጥልኝ። እንካ፣ ለሕፃናቱም» ብለው ያንን የመሰለ ዳቦ፣ ከላይ ቡኒ ከውስጥ ነጭ፣ ጥቁር አዝሙድ ያለበት፣ ገምሰው አፌ ላይ ደረሱ። በእጄ ልቀበል ብል እምቢ አሉ፣ ጉርሻ ነው አሉ። ለሚጢ ሰጡ፣ ለማሙሽ ሰጡ፣ ከኋላዬ ላሉትም እስከ አራተኛው ሰው ድረስ አዳረሱ። ከዚያ ስድስቱም ገቡ። አፉ ዳቦ የሞላ ሰው ስለ ሥልጣኔ ምን ይናገራል? ከኋላዬ አምስተኛው ሰው ብቻ ነው የጮኸው። ቁራሹ አልደረሰውም።

በሩ ላይ ደግሞ ቁመት መለኪያ አለ፣ ከጣውላ የተቆረጠ ቀጭኔ። የቀጭኔዋ ሆድ ጋ ያልደረሰ ልጅ አይሳፈርም። ከእኛ ፊት ያለች እናት የልጇን ፀጉር አስቀድማ ወደ ላይ አበጥራለት ነበር፣ ሽቅብ፣ እንደ ጎፈሬ። ትኬት ተቀባዩ መዳፉን ፀጉሩ ላይ አድርጎ ጫን ሲለው ልጁ አንድ ስንዝር ጠፋ።

«ፀጉር አይቆጠርም እህቴ።»

«ሰባት ዓመቱ እኮ ነው!»

«ቁመት ነው የምንለካው፣ ዕድሜ አይደለም። ደግሞ ሰባት አይመስልም።»

«በፈረንጅ አቆጣጠር» አለች።

ትኬት ተቀባዩ አሰበ። በእውነት ቆም ብሎ አሰበ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ። ከዚያ «ይግባ» አለ። ቀኑ ሙሉ ሲያከራክሩት ውለው ደክሞት ይሁን ወይ ሒሳቡ ተደባልቆበት እስካሁን አላውቅም።

ተሳፈርን። ሁለት ሰዓት ከሩብ ቆመን አራት ደቂቃ። ትኬት ተቀባዩ ልጆቹን አይቶ «ቀጫጮች ናችሁ፣ ሦስታችሁም ግቡ» አለን፤ ከዚያ በላይ ስለ ደንቡ አልጠየቅኩም። ሚጢ ወደ ላይ ስንወጣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ወደ ታች ስንወርድ ገለጠች። ጎማው ጫፍ ላይ ሲደርስ የኮንዶሚኒየሙ ጣሪያ ከነሮቶው፣ ያላለቁ ፎቆች ከነባሕር ዛፍ መወጣጫቸው፣ ከአጥሩ ማዶ ደግሞ አንድ ቦኖ ታየን። ቦኖው ጋ ቢጫ ጀሪካን ተደርድሮ ጥምዝ ብሎ እስከ አስፋልቱ ይደርሳል። ሰው የለም፣ ጀሪካን ብቻ።

ማሙሽ ጣቱን ቀስሮ «እነሱም ሊሳፈሩ ነው?» አለኝ።

መልስ ሳላዘጋጅ ወረድን።

ስንወጣ መሽቷል፣ ታክሲው ጋ ደግሞ ሌላ ሰልፍ። ተራ አስከባሪው ዱላውን ይዞ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ታክሲ ግን የለም። ሚጢን ትከሻዬ ላይ፣ ማሙሽን በእጄ ይዤ እንደ ጨዋ ሰው ጅራቱ ላይ ቆምኩ። ቆጠርኩ፤ ለመድኩት መሰለኝ። ከፊቴ 46 ሰው አለ።

«አንተ! አንተ የዳቦው ልጅ!»

እትዬ ናቸው። ከፊት ሆነው በጥላቸው ይጠሩኛል።

«እዚያ ምን ትሠራለህ? ቦታህ እኮ እዚህ ነው። ከኋላዬ አልነበርክ?»

እርግጥ ነው፣ ከኋላቸው ነበርኩ። ግን ያ የጎማው ሰልፍ ነው። ይህን ለማስረዳት ብዬ ነው ወደፊት የሄድኩት፤ ከሩቅ መጮህ ነውር ስለሆነ። እትዬ ክንዴን ያዙ፣ ስድስቱ ዘመዶቻቸው ሸሸት ሸሸት አሉ፣ ክፍተት ተፈጠረ፣ እግሬም ክፍተቱ ውስጥ ገባ።

ከኋላ ልጁን አንገቱ ላይ የተሸከመ ወጣት አለ። ጣቱ በአየር ላይ ይንቀሳቀሳል፣ ከንፈሩም። እየቆጠረ ነው። እኔ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ወንድሜ፣ ምንህ ናቸው?» አለኝ።

ሚጢ ከላይ ሆና አፏን ስትከፍት እግሯን ቆንጠጥ አደረግኳት።

«አክስቴ ናቸው» አልኩ።

ወጣቱ እትዬን አየ፣ እኔን አየ፣ ሌላ ነገር ሊጠይቅ ጉሮሮውን ጠረገ። እትዬ ግን ፌስታሉን መፍታት ጀምረዋል።