ማስተካከያ፦ የከሪየር እና አይቭስ ሥዕሎች በእጅ ነው የተቀቡት

ስለ ኒው ዮርኩ የሥዕል አሳታሚ ከሪየር እና አይቭስ ቀደም ሲል በወጣው ጽሑፍ፣ ድርጅቱን ሁለቱ ሰዎች አብረው እንደመሠረቱትና ሥዕሎቹም በቀለም እንደታተሙ ተገልጿል። ሁለቱም መታረም አለባቸው።

ናትናኤል ከሪየር ሥራውን የጀመረው በ1830ዎቹ አጋማሽ ነው (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን ናቸው)። ስሙ የገነነው በ1840፣ ሌክሲንግተን የተባለችው የእንፋሎት መርከብ በእሳት ስትጋይ የሚያሳይ ሥዕል ትኩስ በትኩሱ ሲያወጣ ነው። ጄምስ አይቭስ ያኔ የለም። በ1852 የመጣውም በሒሳብ ሠራተኛነት ነው። ሸሪክ የሆነው በ1857።

የቀለሙ ነገር ደግሞ ይብሳል። ሠዓሊው ለስላሳ ድንጋይ ላይ በቅባታማ እርሳስ ይስላል። ድንጋዩ በውኃ ይረጥብና ጥቁር ቀለም ይቀባል፤ ቀለሙ የሚይዘው ቅባቱ ያለበት ቦታ ብቻ ነው። ስለዚህ ከማተሚያው የሚወጣው ወረቀት ጥቁርና ነጭ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ወጉ። ሴቶች ረጅም ጠረጴዛ ላይ ተደርድረው በብሩሽ ይቀቡታል። አንዷ ሰማያዊውን ብቻ፣ ቀጣይዋ ቀዩን ብቻ፤ ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። ብዙዎቹ ከጀርመን የመጡ ስደተኞች ነበሩ። የአንድ ሥዕል ሁለት ቅጂዎች ጎን ለጎን ቢቀመጡ ቀለማቸው ቁርጥ አንድ የማይሆነውም ለዚህ ነው። እንዲያም ሆኖ ትንንሾቹ በሳንቲም ቤት ይሸጡ ነበር!

በኋለኞቹ ዓመታት በቀለም የታተሙም አሉ፣ አይካድም። በቀለም ማተም የታወቀው ግን የቦስተኑ ሉዊስ ፕራንግ ነው። የገና ካርዶቹን ያየ ልዩነቱን አያጣውም።

ድርጅቱ በ1907 ተዘጋ የተባለው ልክ ነው።