ቆርኪዋን የመታት ማን ነው?

በቅርቡ ደብረ ማርቆስ አንድ ላሜራ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ ለስላሳ ስጠጣ የቆርኪዋን ጥርሶች ቆጠርኩ። 21 ናቸው። ውስጥ አንድ ወጣት አክንባሎ ይሠራል። ላሜራውን በጠመኔ ያሰምራል፣ በመቀስ ይቆርጣል፣ ጠርዙን በመዶሻ ቀስ እያለ ያጥፋል። ለስላሳዬን ስጨርስ ገና ግማሽ ዙር ላይ ነበር። ቆርኪዋን የመታት ማሽን በዚያች ጊዜ ሺዎችን አውጥታለች።

ኢንዱስትሪ ሲባል ሁላችንም ስለ ማሽን ግዢ ነው የምናወራው። ማሽኑን የሚሠራው ሰው ከየት ተነሣ የሚል ግን የለም።

እ.ኤ.አ. በ1839 ጀርመን አገር ጎፒንገን በምትባል ከተማ ሉዊስ ሹለር የሚባል ሰው ቁልፍና ብረታ ብረት መሥሪያ ከፈተ። ጎጃም ያኔ በደጃች ጎሹ ዘውዴ እጅ ነው። የሹለር ቤት ከእኛ ቀጥቃጭ ቤት ብዙ የሚለይ አይመስለኝም፤ እሳት፣ መዶሻ፣ ጉጠት። ሰውየው በ1851 ለንደን ላይ የተከፈተውን የዓለም ኤግዚቢሽን ሄዶ አየ። አገሩ ሲመለስ ድስትና ባልዲ ልሥራ አላለም። ድስትና ባልዲ ለሚሠሩት ሰዎች ማሽን ልሥራ አለ። የታሪኩ ጉልበት እዚህ ላይ ነው። በ1852 ሥራውን ጀመረ። በዚያው ዓመት ደጃች ጎሹ ጉር አምባ ላይ ከካሳ ኃይሉ ጋር ተዋግተው ወደቁ።

ፕሬስ፣ ብረትን በምት ቅርጽ የሚያስይዘው ማሽን፣ ሲያዩት ቀላል ነገር ነው። ከባድ መዘውር እየተሽከረከረ ጉልበት ያጠራቅማል፣ ያንን ጉልበት ወደ ታች በሚወርድ ምት ይለቀዋል። ችግሩ የሚመጣው ፍጥነት ሲጨመር ነው። ማሽኑ ይንቀጠቀጣል፣ ይግላል፣ የጋለው ብረት ይለጠጣል። ፀጉር የምታህል ስሕተት ዳዩን፣ ማለትም ለብረቱ ቅርጽ የሚሰጠውን ቅርጽ ማውጫ፣ ትሰብራለች። የሹለር ኩባንያ ብዙ አሥርት ዓመታት የፈጀው ከዚህ ጋር ሲታገል ነው። ዛሬ የሹለር የሳንቲም ማተሚያ በደቂቃ እስከ 850 ሳንቲም ይመታል። (የእኛ አንጥረኞች ደግሞ ጠገራ ብር አቅልጠው መስቀልና አምባር ሲያወጡ ኖሩ። ሙያው ሙያ ነው፣ አቅጣጫው ተገልብጦ እንጂ።)

እና እኛ ምን ነካን? እጅ አጥተን አይደለም። ቀን ማረሻ የሚሠራልንን ሰው ማታ ጅብ ይሆናል አልነው። ጋብቻ ከለከልነው። አፄ ምኒልክ ባለሙያን «ጠይብ» እያላችሁ አትስደቡ ብለው አዋጅ እስኪያስነግሩ ደርሰናል። አዋጁም ቢሆን ሁሉን አልፈታውም። የላሜራ ቤቱን ልጅ ሙያውን ከማን እንደተማረ ጠየቅሁት። «ካባቴ» አለ። አባትህስ ምን ይሠሩ ነበር ስለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያው… ብረት» ብሎ ወደ መቀሱ ተመለሰ።

ባሕር ዳር ላይ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ፖሊ ቴክኒክ ተከፍቷል። ብረታ ብረት ሙያ ሲያስተምር ስድሳ ዓመት አለፈው። ስለዚህ ከዜሮ እንጀምር አልልም። የምለው፣ ለፕሬስ ግዢ ከሚመደበው ገንዘብ አስቀድሞ ትንሽ ተቀንሶ ለዳይ መሥሪያ ይዋል ነው። ፕሬስ ያለ ዳይ ደንቆሮ መዶሻ ነው። ዳዩ ባረጀ ቁጥር ውጭ አገር የሚታዘዝ ከሆነ ማሽኑ ቆሞ ዶላር ይጠብቃል።

«ገበያው የት አለ?» የሚሉኝ አሉ። አክንባሎ የሌለው ቤት አሳዩኝ። አንድ የአክንባሎ ዳይ ሁለት ቁራጭ ነው፤ አንዱ ጎድጓዳ፣ አንዱ ወደ ውጭ ያበጠ። ደህና ቶርኖ ያለው ሰው፣ የፖሊ ቴክኒክ መምህርና ያ ልጅ አንድ ላይ ቢቀመጡ የመጀመሪያውን ያበላሹታል። ሁለተኛውንም ሊያበላሹት ይችላሉ። እስኪሳካ የሚበላሸውን ላሜራ ዋጋ የሚችል ሰው ነው የጠፋው።