እሰይ፣ ዝገታችን ተቀባ!

ምስጋናዬን የማስቀድመው መኪናውን ሊሸጥ ሦስት ቀን ሲቀረው ሆዷን ሬንጅ ለሚያስቀባው ወገኔ ነው። ዓሥራ አምስት ዓመት ሙሉ አንዴ እንኳ ጎንበስ ብሎ አላያትም። የሽያጯ ሰሞን ግን ፍቅሩ ይገነፍላል፤ ከጭቃ መከላከያዋ ከፓራፋንጎ እስከ ሥር አጥንቷ እስከ ሻንሲ ጥቁር በጥቁር አልብሶ ይኩላታል። ገዢው ተንበርክኮ ሲያይ የሚታየው ጨለማ ብቻ ነው። "ይኸው፣ አንዲት የዝገት ነጥብ ካገኘህ!" ይላል ደላላው። እውነቱን ነው፣ አይገኝም።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከታገደ ወዲህ ደግሞ አሮጊቶቹ ሁሉ ቅርስ ሆነዋል። ቅርስ እንዴት እንደሚጠበቅ እናውቅበታለን። የወንበሩን ላስቲክ እንመልከት፦ ፋብሪካው ለጉዞ ብሎ የሸፈነበትን እስከ ዛሬ አላወለቅነውም። ተሳፋሪ በላብ ይጣበቅበታል እንጂ ጨርቁ አይነካም። ከጨርቁ በታች ወለሉ ተበልቶ አስፋልቱ ቢታይስ? ወንበሩ አዲስ ነው!

አንቲረስት፣ ማለትም የዝገት መከላከያ ቀለም፣ አመራረጣችንም የሚደነቅ ነው። ሱቁ በር ላይ ቆመን "ቀዩ ይሻላል ግራጫው?" እንላለን፤ ከዚያ ርካሹን እናነሳለን። ቆርቆሮው ጀርባ ላይ ምቀኛ የጻፈው የሚመስል መመሪያ አለ፦ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፈግፍግ፣ ቅባቱን አጽዳ፣ አድርቅ፣ አንደኛው እጅ ሳይደርቅ ሁለተኛውን አትደርብ። ይህን ሁሉ ከሠራሁማ ቀለሙ ለምን ተገዛ? እኛ ዝገቱ ላይ እንለቀልቀዋለን። ቀለሙም የጨበጠው ዝገቱን ነውና፣ ዝገቱ ሲረግፍ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይወርዳሉ። ዚንክ ያለበትን ዓይነት ደግሞ በውድነቱ ተውነው። ዚንክ ከብረቱ ቀድሞ ራሱ እየተበላ ብረቱን ያተርፋል ይባላል፤ ለሰው ብረት ብሎ የሚሞት ቀለም ማን ያምናል?

ለላቫጆ ቤቶቻችን የተለየ ክብር ይገባል። መኪናዋ ታጥባ ገና ውሃዋ ሳይንጠፈጠፍ የተቃጠለ ዘይት ከሥር ይነፋላታል። ውሃው ከዘይቱ በታች ታሽጎ ይቀራል፤ ከብረቱ ጋር የጀመረውን ጨዋታ የሚረብሸው የለም። በላዩ የከተማው አቧራ ይለጠፍና በሳምንቱ ጥሩ ምርግ ይወጣዋል። ጎሚኒዎቹ፣ በብረትና በብረት መካከል የሚገቡት ጎማዎች፣ ዘይቱን ጠጥተው ይወፍራሉ። የፍሬን ሸራውም ከደረሰው ቁልቁለት ላይ መቆም የሚባለውን ክፉ አመል ይተዋል።

የጅቡቲ መስመር ሾፌሮችም አይረሱ። የባሕሩን ጨዋማ አየር ሲምጉ ሰንብተው የመጡ ከባድ መኪኖች ካቢናቸው ተወልውሎ መስታወት ይመስላል። ጨው ያለበት እርጥበት ዝገትን እንደሚያስቸኩል ስለሚያውቁ ይሆናል ሻንሲውን ውሃ የማያስነኩት፤ ተቸኩሎ የት ይደረሳል!

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን የበሩ ጥበብ ነው። ስፖርቴሎ የምንለው የመኪና በር ከግርጌው ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉት፤ በመስታወቱ ጎማ የሰረገ ዝናብ በዚያ ይወርዳል። የእኛ ቀቢ እነዚህን አይቶ አያልፍም። "ፋብሪካው ረስቷቸው ነው" ብሎ በሬንጅ ይደፍንልናል። የሐምሌ ዝናብ በሩ ውስጥ ይከርማል፤ ሲከፈትና ሲዘጋ እንደ ጠላ ጋን ቿ ቿ ይላል። አንድ ወዳጄ ድምፁን ሰምቶ የነዳጅ ታንከሩ ሙሉ የሆነ መስሎት ደስ ብሎት ሰንብቷል።

እኔም ከወጉ አልጎደልኩም። የአሮጊቷ ቶዮታዬ፣ የዲኤክሴ፣ በር በዚሁ መንገድ ከውስጥ ተበልቶ አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አወጣ። የመኪና ቆርቆሮ የሚጠግነው ባትላሜራ ጋ ወሰድኳት።

"የተበላው ተቆርጦ አዲስ ላሜራ አይበየድም?" አልኩት።

"ጋሼ፣ ምን አደከመዎት? አያስቡ።"

አጠገቡ ከነበረው የጋዜጣ ክምር አንዱን ቀደደ፤ ጨምድዶ ቀዳዳው ውስጥ ጠቀጠቀው። በላዩ ስቱኮ ለደፈ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሸው፣ ቀለም ነፋበት። ጣቴን ባሳልፍበት ሕፃን ልጅ ጉንጭ ነው። ከፈልኩ፣ መረቅኩት። ለጋዜጣ ስጽፍ ስንት ዘመኔ፤ ብረት ይተካል ብሎ የገመተልኝ አንድ እሱ ነው።

ክረምቱ ሳያልቅ በሩ ላይ አተር የምታክል እብጠት ወጣች። ቀጥሎ ባቄላ አከለች። መስከረም ላይ ልጄ በሩን ጠበቅ አድርጎ ሲዘጋው ስቱኮው እንደ እንቁላል ቅርፊት ተገምሶ ወደቀና ጋዜጣው ተከትሎት ወጣ፤ ርሶ፣ ዝገት ጠጥቶ ቡና መስሏል። ዘረጋሁት። ጽሑፉ ሁሉ ፈስሷል። የሚነበበው ግርጌው ላይ የቀረው አንድ ቃል ብቻ ነው፦

"ይቀጥላል።"